ሌላ ወራሽ የለም

ደላላው ሞገስ ወንበር ስቦ ከአለምወርቅ ጎን ተቀመጠና በእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነብላት ጀመር። እሷ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው በዚህች ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ የስንቱን ውል፣ የስንቱን አቤቱታ፣ የስንቱን የፍቺ ማመልከቻ እንደጻፈች አታውቀውም፤ ጆሮዋ ሰምቶ ጣቶቿ ሲጽፉ ልቧ ሌላ ቦታ ይሆናል። ኅዳር ገብቷል፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር እየገባ እግሯን አደንዝዞታል። ሞገስ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ስለሆነ የደብረ ታቦርን ጠዋት አልቻለውም፤ በየመሀሉ እጁን ሰብስቦ እፍ ይላል።

«ስፋቱ ስድስት መቶ ካሬ ሜትር የሆነ፣ ለባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ፕላን ጸድቆለት የግንባታ ፈቃድ የተሰጠው ቦታ፣ በላዩ ላይ ካለው የጭቃ ቤት ጋር» አለ። ጻፈች። «አዋሳኞቹ፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የመምህር ጥላዬ ይዞታ፣ በደቡብ ወንዝ፣ በሰሜን የወይዘሮ ፈንታነሽ አጥር።»

የመምህር ጥላዬ ስም ላይ ጣቶቿ ዘገዩ። የፈንታነሽ አጥር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በዚያ አጥር ቀዳዳ ሾልካ ስንት ጊዜ የጎረቤት ኮክ ለቅማለች፣ ስንት ቀሚስ ቀዳለች።

«ምነው ቆምሽ? መብራት ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም። ይቀጥሉ።»

ቀጠለ። ሻጮች ወይዘሮ አልማዝ ካሳና አቶ ደምሴ ይርዳው ናቸው። እናቷና ወንድሟ። ከዚያ ሞገስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህችን በደማቁ አድርጊያት አላትና፣ «እኛ ሻጮች ከሁለታችን በቀር በዚህ ንብረት ላይ መብት ያለው ሌላ ወራሽ የሌለ መሆኑን እናረጋግጣለን» ብሎ አነበበ። አለምወርቅ ይርዳው ይህን በገዛ እጇ ጻፈችው፤ በደማቁም አደረገችው።

ሰውየው የምትሆነውን አላየም፤ ስልኩ ጮሆ ነበር። እጁ ስለበረደው ይሁን ስለለመደበት ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከወዲያ የሚናገረው ገዥው መሆን አለበት፤ የጠገበ ድምፅ ነው። «ሻጩ ጨንቆታል ሞገስ። ዛሬ ባንክ ሳይዘጋ ገንዘቡ ካልደረሰው አይሆንለትም። ከአራት ሚሊዮን ከአምስት መቶ ሺህ በላይ አንድ ሳንቲም እንዳትጨምርለት። በግንቦት አሥር ሚሊዮን ስንሰጠው ኮርቶብን ነበር እኮ» አለና ሳቀ። ሞገስም አብሮ ሳቀ። ስምንት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ባለው ሆቴል ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ። አለምወርቅ አራት ቅጂ አትማ ሰጠችው፤ አምስተኛውን ለራሷ አስቀረች። ሞገስ መልሱን አልፈልግም ብሎ ወጣ። እሷም ተከትላው ወጣችና ጽሕፈት ቤቱን ቆልፋ ባጃጅ አስቆመች።

ከወንድሟ ጋር ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባሏ ሙሉቀን ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም፣ አዲስ አበባ ወስዳ ታሳክመው ዘንድ ከቦታው ከወንዙ በኩል ያለችውን ቁራሽ እንዲሸጡላት እግሩ ላይ ወድቃ ለምናው ነበር። ደምሴ መሬት መሬቱን እያየ፣ የአባቴን ቦታ አልሸጥም አላት። ያቺኑ አንዲት ቃል ብቻ። ሙሉቀን ከዚያ በአርባ ሁለተኛው ቀን አረፈ። ደምሴ ለቀብሩ መጥቶ ከሰው ጀርባ ቆሞ ሲያለቅስ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኛት እሷ ትሻገራለች። በአስታራቂ የመጡ የደብሩ ሽማግሌዎችንም ጸበል ጻዲቅ አቅምሳ ባዶ እጃቸውን ሸኝታቸዋለች። ደምሴ በበኩሉ ከማስተማሩ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ በማዘጋጃ ቤት ደጅ እየጨረሰ፣ ፕላኑን አስጸድቆ ፈቃዱን አወጣ። ገንዘብ ያለው ሰው እንዲሠራውና የተወሰኑት ቤቶች ለቤተሰቡ እንዲቀሩ ነበር ሐሳቡ። አንደኛው ፎቅ ላይ ካሉት አንዷ የአለምወርቅ ናት ብሎ በእናቷ በኩል ልኮባት ነበር። አልፈልግም ብላ መለሰች። ግን የቤት አከራይዋ ኪራይ በጨመረችባት ቁጥር፣ ለማንም የማትነግረው ነገር ሆኖ፣ ያቺን ቤት በልቧ እየገባች መጋረጃ ትሰቅልባት ነበር።

እናቷን ያገኘቻቸው የልብስ ሳጥናቸውን ከፍተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነው። ክፍሏ እንደ ወትሮዋ ጭር ያለችና ንጹሕ ናት፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ፣ ጋዜጣው በጭስ ጠቁሮ፣ ከመሀሉ ደምሴ በራሱ እጅ ስሎ በላስቲክ የሸፈነው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተለጥፏል። በረንዳዎቹ ላይ አበባ ሳይቀር አድርጎበታል። የተጣጠፉ ነጠላዎችና አንድ አሮጌ ካፖርት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እናቷ ቀና ብለው አዩዋትና እጃቸው ካፖርቱ ላይ ቀረ።

«እማ፣ ቤቱን ሸጣችሁት?»

«ማን ነገረሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ዘርግታ ያቺን በደማቁ የተጻፈችዋን አነበበችላቸው። «አባቴ ስንት ልጅ ነበረው እማ? እርስዎ ያውቃሉና ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ አልማዝ ካፖርቱን አንድ ጊዜ አጠፉት፤ እንደገና ፈቱት። ውጭ የጥላዬ ልጆች ኳስ እየመቱ ግድግዳውን ይደልቁታል። ሰው እንዳይሰማ እንደሚፈራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መክሊት ተይዛለች» አሉ።

መክሊት የደምሴ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስምንት ቀን ሆናት። ከጸሎተኛ አያቷ ጋር ሰንበትን ልታሳልፍ ስትመጣ መንገድ ላይ ሚኒባሱን አስቁመው እሷንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን አወረዱ። ማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ሦስት ሚሊዮን ብር ነው ያሉት። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ለሰው ከተነገረ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ በስልክ ለአባቷ ነግረውታል፤ ለአለምወርቅም ያልነገሯት ለዚህ ነው፤ ወይዘሮ አልማዝ ያን ሊሉት ጀምረው አልጨረሱትም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አለምወርቅ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያቺን ልጅ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋታለች። ቤተሰቡ ከተጣላ በኋላ እንኳ መክሊት ለእረፍት በመጣች ቁጥር ሹልክ ብላ ጽሕፈት ቤቱ ትገባና፣ አክስቴ ይቺን አትሚልኝ፣ አባዬ እንዳይሰማ ትላለች፤ ወረቀቷን ታሳትምና ጎንበስ ብላ ጉንጯን ስማት ትሮጣለች። ስምንት ቀን ሙሉ አለምወርቅ እየበላች፣ እየተኛች፣ የሰው ውል እየጻፈች ልጅቷ ከየትኛው ጫካ እንዳለች አታውቅም ነበር። ግን ከውስጧ ሌላ ነገር ተነሣ፤ ልትይዘው ሞከረች፤ አልተያዘላትም።

«ሙሉቀንም እኮ ሰው ነበር» አለች። «ለእሱ ቁራሿ አልተሸጠችም። ለደምሴ ልጅ ጊዜ ግን ሁሉም ይሸጣል፣ እኔም እንዳልተወለድኩ እሆናለሁ። የአባቴን ቦታ አልሸጥም ያለኝ አፉ ዛሬ የት ሄደ?»

«ደምሴን ተይው።»

«አልተውም።»

«ተይው አልኩሽ አለሜ። እሱ አይደለም።» ወይዘሮ አልማዝ አይናቸውን ከካፖርቱ አላነሡም። «እሱማ ይሸጥ ብሎ ገዥ አምጥቶ ነበር። አልፈርምም ያልኩ እኔ ነኝ። በሽታው ክፉ ነው፣ ይዳን አይዳን አይታወቅም፣ ቦታው አንዴ ከሄደ ሄደ ብዬ። አማች እንጂ ልጄ አይደለም ብዬ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁሽ። አንተ እምቢ አልኩ በላት፣ እኔ እናቷ ነኝ፣ በእርጅናዬ የምትጦረኝ እሷ ናት አልኩት። በአባቱ አጥንት አስማልኩት።»

ኳሱ ግድግዳውን መታ። አንድ ልጅ ጎል ብሎ ጮኸ። አለምወርቅ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ትንሽ ናቸው፤ ትከሻቸው ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደጠበበ አላስተዋለችም ነበር። ተነሥታ ወጣች። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና የሙሉቀንን የመጨረሻ ሳምንት አሰበች፤ ያበጠ እግሩን፣ ወንድምሽ ምን አለ ብሎ በየማታው ሲጠይቃት እሷ ነገ ይነግረናል እያለች ስትዋሸው። እናቷ እኮ በእነዚያ ቀናት አጥሚት በሳህን ይዘው እየመጡ ራስጌው ተቀምጠው በማንኪያ ያጠጡት ነበር። አይዞህ ልጄ እያሉ።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ በእግሯ ዞረች። በገበያው አለፈች፣ በመናኸሪያው አለፈች፣ የት እንደሄደች ብትጠየቅ አታውቅም። ዝም ብላ ቤቷ ብትገባ ውሉ ይፈረማል፣ ልጅቷም ትወጣለች፤ ይህን ታውቃለች። ስንት የሐሰት ውል ፈርሶ ስንቱ ሰው ሲታሰር ያየች ናትና ያ ወረቀት አንድ ቀን ደምሴን እንደሚያስይዘውም ታውቃለች። ግን እውነቱን ለመናገር ወደ ሆቴሉ የወሰዳት ይህ ብቻ አልነበረም። አባቷ ሁለት ልጆች ነበሩት። ቢያንስ አንድ ወረቀት ይህን እንዲል ፈለገች።

በሆቴሉ ጓዳ ወዳለው ክፍል ሲያስገቧት ገዥው አቶ ታምራት ጥብስ በልቶ እጁን እየታጠበ ነው። ወፍራም፣ አለባበሱ ያማረ፣ ፊቱ ክፋት የሌለበት የሚመስል ሰው ነው። የደምሴ ፕላን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጥጉ በሚሪንዳ ጠርሙስ ተይዟል። ሁለት ምስክሮች አሉ። ደምሴ የእናቱን ውክልና በፕላስቲክ አቃፊ ደረቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል፣ የካፖርቱ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ሲያያት ብድግ አለ። ፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት ትናንት ቢሆን ደስ ያሰኛት ነበር።

«ውሉ ላይ የጎደለ ስም አለ» አለች።

«አንቺ የጽሕፈት ቤቷ አይደለሽም?» አለ ሞገስ።

«የአቶ ይርዳው ልጅ ነኝ። ለመከልከል አልመጣሁም፤ ለመፈረም ነው።»

አቶ ታምራት እጁን በፎጣ እያደረቀ አንዴ እሷን አንዴ ደምሴን አየ። ተቆጣ ለማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ያዘነላቸው ይመስላል። «እንግዲህ ተመልከቱ» አለ። «ወራሽ የለም ብላችሁ ነበር። አሁን አንድ ተገኘ። ነገ ሦስተኛ እንደማይመጣ ማን ያውቃል? ስጋቱ የእኔ ነው። አራት ሚሊዮን፤ ሦስቱ አሁን፣ አንዱ ቤቱን በሦስት ወር ስታስረክቡ። ካልሆነ ሳይመሽብኝ ባሕር ዳር ልግባ።»

ደምሴ ወደ እሷ ዞረ። ሦስት ሚሊዮኑ የመክሊት ነው። ከቀሪው ላይ የገቢ ግብርና የደላላ ሲነሣ የሚተርፈው ለእናታቸው ሁለት ክፍል ቤት ከከተማው ዳር ይገዛ ነበር፤ አሁን ግማሽ ሚሊዮኑ ሲቀነስ የሚገዛ ነገር የለም። አለምወርቅ ይህን እዚያው ቆማ ተረዳችው። ተሳስቻለሁ፣ የአቶ ይርዳው ልጅ አይደለሁም ብላ ብትወጣ ሰውየው ወደ ቀድሞው ዋጋ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ዓይኑ ያችን መውጫ በር ክፍት እንደተወላት ያሳያል። እናቷ ለሙሉቀን ያጠጡትን አጥሚት አሰበች። ሳህኑን። አይዞህ ልጄን።

«ይሁን» አለች።

ጽሕፈት ቤቷ ሄዳ ወረቀቱን ራሷ አስተካክላ አመጣችና ፈረሙ። ሦስተኛ ሻጭ፣ ወይዘሮ አለምወርቅ ይርዳው። ደምሴ ሲፈርም እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ከዚያ ባንክ ነው። ሲስተም የለም ተባለ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ደምሴ መስኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ገንዘብ ተቀባይዋን፣ እባክሽ እህቴ፣ እባክሽ የእኔ እናት እያለ ሲለማመጣት ከኋላ የቆመው ሰው ሰልፍ አትዝጋ ብሎ ገፋው፤ መገፋቱም አልተሰማውም። ገንዘብ ተቀባይዋ ምን እንደሆነ ባታውቅም ፊቱን አይታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ገንዘቡ በስልክ ወደተነገሩት ሦስት የሂሳብ ቁጥሮች ሄደ።

ከባንኩ አጥር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ በሁለቱ መካከል ነው። ባጃጆች ይመላለሳሉ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ወንድምና እህት አብረው ተቀምጠው ሲያዩ ታርቀዋል መሰለኝ እየተባባሉ በደስታ እጅ ይነሳሉ። እነሱም አጸፋውን ይመልሳሉ።

«ስለ ሙሉቀን...» አለ ደምሴ።

«እማ ነገሩኝ።»

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። «ለምን አልነገርከኝም ወንድም ጋሼ?» አለችው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም አልጠራችውም፤ ሳታስበው ነው የወጣት።

«ከእናትሽ ይልቅ እኔን ብትጠይ ይሻላል ብዬ ነው» አለ። «እኔ ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ። እሳቸው ከአንቺ በቀር ማን አላቸው? ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀላል አልነበረም።»

ልትመልስለት ስትል ስልኩ ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነው። ደምሴ ማንሣት አቃተው፤ ጣቱ ስልኩ ላይ እየተንሸራተተ እምቢ ሲለው አለምወርቅ አነሣችው። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀጭን፣ የደረቀ ድምፅ መጣ።

«አባዬ?»

«እኔ ነኝ መክሊትዬ። አክስትሽ ነኝ።»

ልጅቷን ለቅቀዋታል። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአንበሳሜ ዳር አንዲት ሴትዮ ቤቷ አስገብታት እግሯን እያጠበችላት ነው፤ የደወለችውም በሴትዮዋ ስልክ ነው። ጫማ የላትም። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትላለች፤ ደህና ያልሆነ ሰው እንደሚለው እየደጋገመች። «ሁለቱ ግን እዚያው ናቸው አክስቴ» አለች። «አንደኛዋ መነኩሲት ናት። ለእሷ የሚከፍል የለም። ስወጣ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም አለችኝ። ጣቷን አላቅቄ ነው የመጣሁት። ሰምተሻል? ጣቷን አላቅቄ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ደምሴ ስልኩን ተቀበለና ድንጋዩ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ተንበርክኮ ያናግራት ጀመር። መንገዱ በምሽት ስለማይኬድ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ሊያመጣት ተስማሙ። አለምወርቅ ትከሻውን ያዝ አድርጋው ቆየች፤ ከዚያ ትታው ሄደች።

ወደ እናቷ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገብታለች፤ ግን ገና አልጨለመም። ወይዘሮ አልማዝ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እንጃ። ከፊቷ አነበቡትና ምርኩዛቸውን ለቅቀው ወደ መሬት ተደፉ፤ አፈሩን ሳሙ፤ ተመስገን ተመስገን እያሉ። አለምወርቅ ደግፋ አስገባቻቸው፣ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ውኃም ሰጠቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስሟ እንደገባ፣ ዋጋው እንደወረደ፣ የሚተርፍ እንደሌለ። እናቷ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። አንዴ ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ጉልበት ዘርግተው ሳይነኩ መለሱት።

«መቼ ነው የሚያፈርሱት?» አሉ።

«ሦስት ወር ሰጥተዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከእኔ ጋር ይኖራሉ።»

«ያንቺ እኮ አንዲት ክፍል ናት።»

«አንዲት ናት።»

«አልጋውም...»

«አዎ። ሙሉቀን የሞተበት ነው። ሌላ የለኝም።»

ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እስከዚያ እግዜር ይወስደኝ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ወር እንደ እኔ ላለች ብዙ ነው።»

«አይሞቱም» አለች አለምወርቅ። ለምርቃት ብላው ይሁን ለፍርድ፣ ራሷም አላወቀችም።